የተሰነጠቀ ዳሽቦርድ በላስታ ደጋ

ዕድሜ የጠገበ መኪና ዳሽቦርድ በአንድ ቀን አይሰነጠቅም። መጀመሪያ ጥቁሩ ይገረጣል። ቀጥሎ በፊት መስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ በጨርቅ ሲጠርጉት የሚንሸራተት ቅባታማ ጉም ይታያል። ከዚያ በአየር ማስወጫው ማዕዘን ወይም በብሎን ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ትወጣለች። ያቺን መስመር በጊዜዋ የያዘ ባለመኪና በጥቂት ብር ይገላገላል። ችላ ያላት ግን ውስጡ እየተፈረፈረ ትቢያው ጉልበቱ ላይ የሚራገፍ ዳሽቦርድ ይዞ ይነዳል።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ብዙ መኪኖች ዳሽቦርዳቸው ሦስት ንብርብር አለው። ከሥር ቅርጹን የሚይዝ ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም ብረት፣ መሐል ላይ የፖሊዩሬታን ስፖንጅ፣ ከላይ ደግሞ ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ቆዳ ነው። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ስለሆነ የሚለሰልሰው ፋብሪካው በሚጨምርበት ቅባት መሰል ኬሚካል ነው። ሙቀት ያንን ቅባት ቀስ በቀስ ያተነዋል፤ መስታወቱ ላይ ከሚታየው ጉም ዋናው ክፍልም ይኸው የተነነ ማለስለሻ ነው። ማለስለሻው ያለቀበት ቆዳ ይኮማተራል፤ ከሥሩ ያለው ፕላስቲክ ግን አብሮት አይኮማተርም። ስለዚህ ቆዳው ተወጥሮ ይኖርና ውጥረቱ በሚጠራቀምበት ቦታ፣ ማለትም በማዕዘንና በቀዳዳ ጠርዝ፣ ይቀደዳል።

የላስታዋ ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በላይዋ የቆመው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብዙ ሰው ዳሽቦርድን የሚጎዳው ይህ ጨረር ብቻ ይመስለዋል። የፊት መስታወት ግን በሁለት መስታወት መሐል ፕላስቲክ ገብቶበት ስለሚሠራ አብዛኛውን አልትራቫዮሌት ያስቀራል። የጎን መስታወቶች አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ዓይነት መከላከያ ስለሌላቸው ከፊቱ የበለጠ ያሳልፋሉ። በፊት መስታወት በኩል ሳይከለከል የሚገባው ብርሃኑና ሙቀቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሪዞና የሐሩር ቀናት በተደረገ ጥናት ለአንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ የቆሙ መኪኖች ዳሽቦርድ በአማካይ 69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሷል፤ ጥላ ሥር የቆሙት 48 ላይ ቀርተዋል። ላሊበላ እንደ አሪዞና አትሞቅም፤ በጥላና በፀሐይ መካከል ልዩነት ግን እዚህም አለ።

ላስታ የራሷን የምትጨምረው በሌሊቱ ነው። በታኅሣሥና በጥር ቀን የጋለው ቆዳ ማታ በደጋው ብርድ ይደርቃል። ማለስለሻው የቀነሰ ፒቪሲ ሲበርደው እንደ ቀጭን እንጨት ግትር ይላል። ሾፌሩ ማለዳ ተነሥቶ ኮረኮንቹ መንገድ ላይ ሲገባ ያ ግትር ቆዳ ንዝረቱን መሸከም ያቅተዋል። ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ የሚረዝመው ቆዳው በቀዘቀዘበት በዚህ ሰዓት ነው።

ነገሩ የውበት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ታክሱን አክብዷል፤ በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ዛሬ መንገድ ላይ ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግለን ነው። እንክብካቤ ይገባዋል።

ጥገናው የሚጀምረው በአውራ ጣት ነው። ዳሽቦርዱን ጫን ያድርጉት። ረግቦ ከተመለሰ ስፖንጅና ቆዳ ያለው ነው። የማይረግብና ሲያንኳኩት ቀጭን ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ አንድ ወጥ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ አያያዙም ይለያል። በጠንካራው ፕላስቲክ ላይ የስንጥቁ ጫፍ ላይ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር የምትሆን ክብ ቀዳዳ በድሪል ይበሳል። ሹል የነበረው ጫፍ ክብ ሲሆን ውጥረቱ ዙሪያውን ስለሚከፋፈል ስንጥቁ ይቆማል። ከዚያ ዳሽቦርዱ ወጥቶ ከጀርባው በሙቀት ይበየዳል፤ ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ፕላስቲኮች ማጣበቂያ በቀላሉ አይዛቸውምና።

ስፖንጅ ላለው ግን ሥራው ሌላ ነው። በመጀመሪያ በለዘብተኛ ሳሙና ይታጠባል፣ ሲደርቅ በአልኮል ይጠረጋል። ይህን ደረጃ የሚዘሉ ብዙ ናቸው፣ ሥራቸውም የሚበላሸው እዚሁ ላይ ነው። ለዓመታት የተቀባው የሲልከን ማብሪያ ስንጥቁ ውስጥ ስለሚገባ ካልጸዳ በስተቀር የትኛውም ሙሌት አይይዝም። ቀጥሎ ወደ ላይ የተገለበጠው የስንጥቅ ጠርዝ በሹል ምላጭ ይከረከማል። ገና ያልደረቀ ከሆነ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ተደርጎ ወደ ቦታው ሊመለስ ይችላል፤ የተጠበሰውን ጠርዝ ግን ማስተኛት አይቻልም፤ መቆረጥ አለበት። ሥሩ ያለው ስፖንጅ በጣት ሲነካ ዱቄት ከሆነ፣ ጤነኛው እስኪገኝ ድረስ ተፍቆ ይውጣ።

አሁን ምን ይሞላበት? አገራችን ውስጥ እጅ የሚቀናው ስቱኮ ነው። ለበርና ለፓራፋንጎ ብረት ድንቅ ነው፤ ለዳሽቦርድ ግን አይሆንም። ስቱኮ ሲደርቅ ድንጋይ ስለሚሆን ቆዳው በሙቀት ሲለጠጥና በብርድ ሲኮማተር እሱ ባለበት ይገትራል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከጎኑ አዲስ ስንጥቅ ይከፍታል። ሱፐር ግሉም ያው ነው። ላሊበላ ለዚህ ትልቅ ትምህርት አላት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ሲጠገኑ ከተከናወኑት ሥራዎች አንዱ፣ ቀደም ሲል ውሃ እንዳይገባ ተብሎ የተቀባውን ሬንጅ ማንሳት ነበር፤ ሬንጁ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ አለቱን ይጎዳ ስለነበረ። ከተጠገነው ነገር ባሕርይ ጋር የማይስማማ መድኃኒት ዳሽቦርድንም እንዲሁ ይጎዳል።

ስለዚህ ሙሌቱ የሚለጠጥ ይሁን። የፊት መስታወት የሚተክሉ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ጥቁር የፖሊዩሬታን ማጣበቂያ ለዚህ ምቹ ነው፤ ደርቆም እንደ ጎማ ይለጠጣል፣ ቀለምም ይቀበላል። የሲልከኑ ቱቦ ከሱ ጋር ይመሳሰላልና ስሙን አንብቦ መግዛት ነው፤ ሲልከን ላይ ቀለም አይይዝም። ፖሊዩሬታኑ ከቆዳው ደረጃ ትንሽ ዝቅ እስኪል ብቻ ይሞላ። የሚደርቀው ከአየር በሚወስደው እርጥበት ስለሆነ በላስታ ደረቅ በጋ ይዘገያል፤ ሁለት ሦስት ቀን ሳይነኩት መተው ይሻላል። ከዚያ ለፕላስቲክ ባምፐር የተሠራው የሚለጠጠው ስቱኮ ስስ ሆኖ ከላይ ይሳባል፣ በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል።

የሠራተኛው እጅ የሚለየው ቀጥሎ ነው። የዳሽቦርድ ቆዳ ልሙጥ አይደለም፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተጎረበጠ ነው። የተሞላው ቦታ ልሙጥ ሆኖ ከቀረ ምንም ቀለም አይሸፍነውም። የመጨረሻው ስስ ሙሌት ሳይደርቅ በእርጥብ ስፖንጅ ጠቅ ጠቅ ቢደረግ ተቀራራቢ ጉርብጥብጥ ያገኛል። ለፒቪሲ የሚሆነው ስፕሬይ ቀለም ደግሞ ጥገናውን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ገጽ፣ ስስ በስስ እየተደረበ ይነፋ። የማያብረቀርቅ ይሁን። ያብረቀረቀ ዳሽቦርድ ምስሉ መስታወት ላይ እያረፈ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ዓይን ይጋርዳል።

ስንጥቁ ከአራት ከአምስት ከበለጠ መሙላቱ ድካም ነው ባይ ነኝ። ወንበር ለሚያለብሱ ባለሙያዎች ሰጥቶ በሰው ሠራሽ ቆዳ ማስለበስ፣ ወይም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዳሽቦርድ መፈለግ ይሻላል። ሲገዙ መሪው በግራ ለሆነ መኪና የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የቀኙ ተቆርጦ ሲገጠም ቀዳዳዎቹ ገና ከጅምሩ የስንጥቅ መነሻ ይሆናሉ። ምንጣፍ መጣልም አንድ መፍትሔ ነው፤ ስንጥቁን አያድንም፣ ፀሐዩን ግን ይከላከላል።

አንድ ነገር ግን ምንም ድርድር የለውም። በተሳፋሪው ፊት ኤስ አር ኤስ የሚሉ ፊደላት ካሉ ከሥሩ ኤርባግ አለ። ኤርባጉ በአደጋ ጊዜ ክዳኑን በርግዶ የሚወጣው ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ነው። እዚያ ላይ ሙሌት፣ ቆዳ፣ ምንጣፍ ወይም የተለጠፈ ጌጥ ካለ መውጫውን ሊያግድ ወይም ወደ ተሳፋሪው ፊት ሊወረወር ይችላል። ዳሽቦርዱ የሚፈታ ከሆነም የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይነቀል፤ በቶዮታ መመሪያ መሠረት ቢያንስ 90 ሴኮንድ ሳይጠበቅ ሥራው አይጀመር። የኤርባጉን ክዳን አልብሱልኝ የሚል ደንበኛ ቢመጣ፣ ጋራዡ ገንዘቡን ትቶ እምቢ ይበል።

የተጠገነውን ለማቆየት ጥላ ይፈለግ፣ ከጠፋ የፊት መስታወቱ በሚያንጸባርቅ መጋረጃ ይሸፈን፤ አቧራውም በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በዘይት አይወልወል። መኪናው የሚቆምበት አቅጣጫም ለውጥ አለው። በላስታ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ናት። ለገና በዓል ወደ ላሊበላ የምትመጡ ሾፌሮች ሜዳ ላይ ስታቆሙ የመኪናችሁን አፍንጫ ወደ ሰሜን አዙሩት፤ ወጪ የለውም፣ ቀትሩ የሚያርፈው ከኋላ ይሆናል።