ጠብታው ከወደቀበት ሽቅብ

የሚያፈስ ጣሪያን መድፈን የሰዓት ሥራ ነው፤ የሚያደክመው ውሃው በየት እንደገባ ማግኘቱ ነው። ይህ ሙያ ክፉኛ ከሚፈተንባቸው ሰፈሮች አንዱ የካምፓላው ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ነው። መንገዶቹ ስድስተኛ፣ ሰባተኛ፣ ስምንተኛ እየተባሉ በቁጥር የሚጠሩበት፣ መጋዘንና ፋብሪካ ጎን ለጎን የተደረደረበት ሰፈር ነው፤ ከላይ ሲያዩት ቆርቆሮ ብቻ። በ1964 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የቆርቆሮ አምራች ኡጋንዳ ባቲም መቀመጫው እዚያው ነው።

ካምፓላ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አዲስ አበባም ከዚያ ብዙ አትርቅም። የሚለየው አመጣጡ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ጣሪያውን የሚያይበት ረጅም በጋ አለው። ካምፓላ ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ዳግመኛም ከመስከረም እስከ ኅዳር ይዘንብባታል፤ በመካከሉም ከቪክቶሪያ ሐይቅ በኩል ነፋስ የቀላቀለ ዶፍ ይመጣል። ነፋስ ውሃን በቆርቆሮ መደራረቢያ ሽቅብ ይገፋዋል። ጣሪያው የሚያፈሰው ነፋሱ ከአንድ ወገን ሲመጣ ብቻ ከሆነ፣ ከሚስማሩ በፊት በዚያ በኩል ያለው መደራረቢያ ይመርመር።

ጠብታው የወደቀበት ቦታ ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ያለበት አይደለም። ውሃው ቁልቁለቱን ይዞ በቆርቆሮው ሆድ ይወርዳል፣ ሞራሌ ሲያገኝ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ከዚያ የኮርኒስ መጋጠሚያ ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል። ቀዳዳው ሜትሮች ሊርቅ ይችላል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከጠብታው በላይ ነው።

ኮርኒስ የሌለው መጋዘን ለፈላጊው ይመቻል። ቀን በሩን ዘግቶ ሽቅብ ሲያይ ቀዳዳው እንደ ኮከብ ያበራለታል፤ ከሁለት ግድግዳ ያለውን ርቀት ለክቶ ጣሪያው ላይ ያንኑ ነጥብ ያገኛል። ኮርኒስ ባለው ቤት ግን ባትሪ ይዞ ከኮርኒሱ በላይ ገብቶ እንጨቱ ላይ የደረቀ የውሃ መስመርንና ከሚስማር ሥር የወረደ ዝገትን መከተል ነው።

ብርሃን ካላሳየ የውሃ ጎማ ያሳያል። አንድ ሰው ጣሪያ ላይ፣ አንድ ሰው ውስጥ ይሆናሉ። ውሃው መጀመሪያ የሚፈስሰው ከታች፣ ከአሸንዳው አጠገብ ነው፤ ትንሽ ቦታ ብቻ ለብዙ ደቂቃ ይረጥባል። ውስጥ ያለው ሰው «ደረቅ ነው» ካለ ጥቂት ወደ ላይ ይኬዳል። ትዕግሥት አጥቶ ከአናቱ የጀመረ ሰው ጣሪያውን በሙሉ ስለሚያረጥበው፣ ሲንጠባጠብ ቢያይም የትኛው ቀዳዳ እንደሆነ አይለይም። ብዙ ጥገና የሚከሽፈው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ተጠርጣሪዎቹ ይታወቃሉ። ሚስማር በቆርቆሮው ጉብታ ፈንታ በስርጉዱ ከተመታ ውሃ ይሄድበታል። ፀሐይ ደግሞ የሚስማሩን ጎማ ያደርቀዋል። ስድስት ሜትር የብረት ቆርቆሮ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲለዋወጥ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ያጥራል፤ ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ሚስማሩ ይላላል። ለብርሃን የሚገባው ፕላስቲክ ከብረቱ በተለየ መጠን ስለሚለጠጥ መጋጠሚያው ይከፈታል። በሁለት ጣሪያ መካከል ያለው አሸንዳ በቅጠልና አባ ኮዳ በሚባለው ወፍ ኩስ ይደፈናል፤ ኩሱም ዚንኩን ይበላዋል።

ሳይዘንብ አድሮ ጧት ከየቦታው እኩል የሚንጠባጠብ ጣሪያ ግን አላበው እንጂ አላፈሰሰም። እንፋሎት ባለበት ፋብሪካ ይህ የተለመደ ነው፤ መድኃኒቱ ሬንጅ ሳይሆን አየር ማስገቢያ ነው።

ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው የሚስማሩን መስመር ይርገጥ፤ ከሥሩ ሞራሌ አለ። ፕላስቲኩን ፈጽሞ አይርገጥ፤ ተሰብሮ ይጥለዋል። ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላም ያው የውሃ ጎማ በዚያው ቦታ ለዚያው ያህል ጊዜ ይከፈትበት፤ ውስጥ ያለው ሰው «ደረቅ ነው» ሳይል መሰላሉ አይነሳ።