«ቫልቭ ተቃጠለ» ሲባል፦ የሞተር ቫልቭ ብልሽት ስያሜዎች በመንሥኤና በውጤት

የአንድ ሙያ ቃል ትክክለኛነት የሚለካው ነገሩን በመሰየሙ ብቻ ሳይሆን፣ ሰሚው ተገቢውን ሥራ እንዲሠራ በማስቻሉም ጭምር ነው። በደቡብ ምዕራብ አዲስ አበባ በፉሪ ሁለት የመጓጓዣ ቋንቋዎች ይገናኛሉ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር የመንገደኞች ጣቢያ ፉሪ ለቡ ሲሆን፣ ባቡሩ በኤሌክትሪክ ስለሚሳብ የሞተር ቫልቭ አያስፈልገውም። ከጣቢያው የወረደው መንገደኛ ግን ጉዞውን የሚቀጥለው በአብዛኛው በቤንዚን ወይም በናፍጣ መኪና ነው። የመኪናው ሞተር ጉልበት ሲያጣ ከጋራዥ ከሚሰሙት ፍርዶች አንዱ «ቫልቭ ተቃጥሏል» የሚል ነው። ይህ አነጋገር ሞተሩን ፈትቶ ላየ ባለሙያ ይበቃ ይሆናል፤ የጥገና መመሪያ ለሚተረጉም ሰው ግን አይበቃም። ውጤቱን እንጂ መንሥኤውን አይገልጥምና።

ቫልቭ በቴስታታ ውስጥ የሚገኝ፣ አየር የሚያስገባ ወይም የተቃጠለ ጋዝ የሚያስወጣ መዝጊያ ነው። ባለአራት ምት ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ 1,500 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 25 ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል። የማስወጫው ቫልቭ ራስ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ይችላል። አብዛኛውን ሙቀት የሚያስተላልፈው ሲዘጋ በሚያርፍበት መቀመጫ በኩል ስለሆነ፣ በሚገባ ያልተዘጋ ቫልቭ ማቀዝቀዣውን አጣ ማለት ነው።

በዚህም መሠረት የብልሽቱን ዓይነቶች እንደሚከተለው እንለያለን።

ሀ) መቃጠል፦ በቫልቩና በሚገፋው ክፍል መካከል ያለው ክፍተት ሲያንስ፣ ብረቱ በሙቀት ስለሚረዝም ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። በመቀመጫው ላይ የተጋገረ ጥላሸትም ይህንኑ ያስከትላል። የጋለው ጋዝ እየሾለከ ጠርዙን ያቃጥለዋል፤ እመቃ ይቀንሳል፣ ሞተሩም ጉልበት ያጣል።

ለ) መታጠፍ፦ የቫልቮቹን ጊዜ የሚጠብቀው ቺንጋ ሲበጠስ፣ በብዙ ሞተሮች የተከፈተው ቫልቭ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫል።

ሐ) መሰበር፦ ሞላው ሲደክም፣ ክፍተቱ ከልክ ሲያልፍ ወይም ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሲዞር፣ ተደጋጋሚው ምት ብረቱን ያዝለዋል። የተቆረጠው ራስ ወደ ሲሊንደሩ ወድቆ ፒስተኑን ሊበሳ ይችላል።

መ) መጣበቅ፦ የተቃጠለ ዘይት ዝቃጭ ዘንጉን ከመምሪያው ጋር ያያይዘዋል፤ ቫልቩም እንደተከፈተ ይቀራል።

ሠ) የመቀመጫ መበላት፦ በቤንዚን ውስጥ የነበረው እርሳስ ለመቀመጫው እንደ መከለያ ያገለግል ነበር። ከሰሐራ በስተደቡብ ያሉ የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2006 መግቢያ ድረስ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ሲያስቀሩ ለጤና ትልቅ ጥቅም ተገኘ፤ መቀመጫቸው ከለስላሳ ብረት የተሠራ አሮጌ ሞተሮች ግን ለመበላት ተጋለጡ።

እነዚህ ስያሜዎች ተነጣጥለው የቆሙ አይደሉም። መቀመጫው ሲበላ ቫልቩ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ሲሰምጥ ክፍተቱ ያንሳል፤ ክፍተቱ ሲያንስ ቫልቩ ይቃጠላል። የአንዱ ውጤት ለሌላው መንሥኤ ነው። ተርጓሚው ሁሉንም «ተበላሸ» ወይም «ተቃጠለ» ብሎ ቢያልፍ፣ አንባቢው ቫልቩን ብቻ ለውጦ መቀመጫውን እንዳለ ሊተው ይችላል፤ አዲሱም ቫልቭ እንደ አሮጌው ይቃጠላል።

ሁለት ቃላት የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። ክፍተቱ ማነሱን ለመግለጥ «ቫልቩ ጠበቀ» ቢባል፣ አንባቢው «በሚገባ ተዘጋ» ብሎ ሊረዳው ይችላል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ካንዴላን፣ ፍሪሲዮንንና ኩሽኔታን የሰጠን ጣልያንኛ ደግሞ «ቫልቮላ» የሚለውን ቃል ለሞተር ቫልቭም ለኤሌክትሪክ ፊውዝም ይጠቀምበታል። ስለዚህ «ቫልቮላ ተቃጠለ» እና «ቫልቭ ተቃጠለ» በድምፅ ቢቀራረቡም፣ አንደኛው በጥቂት ሳንቲም የሚታደስ ሽቦ፣ ሁለተኛው ቴስታታ የሚያስፈታ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በመነሣት፣ «ቫልቭ» የሚለው የተለመደ ቃል እንዲጸና፣ በመዝገበ ቃላት ግን እያንዳንዱ የብልሽት ስያሜ ክፍሉን፣ የደረሰበትንና መንሥኤውን አጣምሮ እንዲፈታ ሐሳብ እናቀርባለን፤ ለምሳሌ «በክፍተት ማነስ የተቃጠለ ማስወጫ ቫልቭ»። ስያሜው ይረዝማል፤ ነገር ግን ጠጋኙ እጁን የት እንደሚያሳርፍ ይነግረዋል።