በእናቷ እጅ ያደገች ልጅ የዓለም ሻምፒዮኗን ስታሸንፍ

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረት ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ለትችት ነው። ገና ያልወለደች ልጅ የወለደችውን ላስተምርሽ ማለቷ ከልክ ያለፈ ድፍረት ሆኖ ስለሚቆጠር ነው። ሆኖም በሥራም ሆነ በስፖርት ታናሽ ታላቋን የምታስተምርበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። በዛሬው ዓምዳችን የምናቀርበው እንዲህ ያለው ቀን በሁለት ሴቶችና በአንዲት እናት ሕይወት ውስጥ እንዴት እንደ ደረሰ ነው።

ቦታው በአውስትራሊያ የሜልቦርን ከተማ፣ ኩዮንግ የተባለው የሣር ሜዳ ነው። ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 6 ቀን 1984 ነበር። በአውስትራሊያ የሜዳ ቴኒስ ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ በአንድ ወገን የቆመችው የ28 ዓመቷ ማርቲና ናቭራቲሎቫ፣ በሌላው ወገን ደግሞ የ19 ዓመቷ ሄለና ሱኮቫ ነበሩ።

ማርቲና በዚያ ዓመት በጃንዋሪ ወር በሐና ማንድሊኮቫ ከተሸነፈች ወዲህ ሽንፈት የሚባል ነገር አላየችም። በተከታታይ 74 ግጥሚያዎች አሸንፋለች። በሴቶች የነጠላ ጨዋታ ይህን ቁጥር እስከ ዛሬ ያለፈች ተጫዋች የለችም። ከዚህም ሌላ ታላላቅ ተብለው የሚታወቁትን የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝ የዊምብልደን፣ የአሜሪካና የአውስትራሊያ ሻምፒዮናዎች ስናይ፣ ከ1983 የዊምብልደን ውድድር ጀምሮ ስድስቱን በተከታታይ የወሰደችው እርሷ ነበረች።

በዚያን ዘመን የአውስትራሊያው ውድድር የሚካሄደው በዓመቱ መጨረሻ ላይ ነው። ማርቲና የዓመቱን ሦስት ታላላቅ ውድድሮች አሸንፋ ስለ መጣች የቀራት አራተኛው ብቻ ነበር። አራቱን በአንድ ዓመት ውስጥ ያሸነፉ ሴቶች እስከዚያ ድረስ ሁለት ብቻ ናቸው፤ በ1953 ሞሪን ኮኖሊ፣ በ1970 ማርጋሬት ኮርት። ማርቲና ሦስተኛ ለመሆን ሁለት ግጥሚያ ብቻ ቀርቷት ነበር።

በሴቶች ቴኒስ ከሦስት ዙር ሁለቱን የወሰደች ታሸንፋለች። የመጀመሪያውን ዙር ማርቲና 6 ለ 1 ስትወስድ፣ ነገሩ እንደ ወትሮው የሚያልቅ መስሎ ነበር። ሄለና ግን አልተደናገጠችም። ሁለተኛውን ዙር 6 ለ 3 አሸንፋ ግጥሚያውን እኩል አደረገች። በሦስተኛው ዙር ሁለቱም ሳይለቃቀቁ ቆይተው፣ በመጨረሻ ልጅቷ 7 ለ 5 አሸነፈች። የ74 ግጥሚያ ጉዞ በዚሁ ቆመ። የዓመቱ ትልቅ ተስፋም አብሮ ቀረ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? በሣር ሜዳ ላይ ኳስ ዝቅ ብላና ፈጥና ስለምትነጥር፣ ጠንካራ ምት መትቶ ወዲያው ወደ መረቡ የሚጠጋ ተጫዋች ይጠቀማል። ማርቲና ሌሎችን ስታስጨንቅ የኖረችው በዚሁ ስልት ነበር። አንድ ሜትር ከ88 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላት ሄለናም የምትጫወተው እንደዚሁ ነው። ሻምፒዮኗ በዚያ ቀን የገጠማት የራሷ መሣሪያ ነበር ማለት ይቻላል።

ነገር ግን የልጅቷ ጥንካሬ በቁመት ብቻ የመጣ አይደለም። ወደ ቤቷ መለስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

የሄለና እናት ወይዘሮ ቬራ ሱኮቫ ራሳቸው የታወቁ ተጫዋች ነበሩ። በ1962 በዊምብልደን ከተመረጡት ተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ ሳይገቡ እስከ ፍጻሜ ደርሰው፣ በአሜሪካዊቷ ካረን ሱስማን ተሸንፈው ዋንጫውን ሳያነሡ ተመልሰዋል። ሄለና የተወለደችው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ወይዘሮ ቬራ መጫወቱን ሲያቆሙ የቼኮዝሎቫኪያን የሴቶች ቡድን ማሠልጠን ያዙ። አገሪቱ በ1975 የፌዴሬሽን ዋንጫን ስትወስድ ቡድኑን የመሩት እርሳቸው ናቸው። በዚያ ቡድን ውስጥ ከተሰለፉት ወጣቶች አንዷ ደግሞ ማርቲና ናቭራቲሎቫ ነበረች!

እንግዲህ በሜልቦርን ሜዳ ላይ የተገናኙት እንግዶች አልነበሩም። አንደኛዋ የአሠልጣኟ ልጅ፣ ሌላዋ በአሠልጣኟ ሥር የተሰለፈች ተጫዋች ነበረች። ወይዘሮ ቬራ ግን ያንን ቀን ለማየት አልታደሉም። በ1982 በአንጎል ዕጢ ሕመም አርፈዋል። ልጃቸው ያን ጊዜ ገና 17 ዓመቷ ነበር። እናትም አሠልጣኝም የሆኑላትን ሰው በአንድ ቀን ማጣት ለማንኛዋም ልጅ ከባድ ነው። ሄለና ግን ራኬቷን አልጣለችም። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ማንም ያላቆማትን ሻምፒዮና አቆመች።

የማርቲናም ታሪክ ያለ ቤተሰብ አይነገርም። አያቷ ቴኒስ ተጫዋች ነበሩ። ወላጆቿ በሕፃንነቷ ተለያይተው፣ በኋላ ራኬት አያያዝ ያስተማራት የእንጀራ አባቷ ነው። ናቭራቲሎቫ የሚለውን ስም ያገኘችውም ከእርሱ ነው። በ1975 ገና በ18 ዓመቷ ለአሜሪካ ሻምፒዮና እንደ ሄደች በዚያው ጥገኝነት ጠይቃ ቀረች። እናቷንና አገሯን ጥላ በባዕድ አገር የኖረች ልጅ ናት። በ1981 የአሜሪካ ዜግነት አገኘች። ፕራግን መልሳ ያየችው በ1986 ለአሜሪካ ቡድን ተሰልፋ ስትመጣ ነው። ስለዚህ በሜልቦርን የደረሰባት ሽንፈት ትታው ከሄደችው ቤት የመጣ ሽንፈት ነበር።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ሄለና በፍጻሜው ክሪስ ኤቨርትን ገጥማ የመጀመሪያውን ዙር ብትወስድም በቀሩት ሁለት ዙሮች ተሸነፈች። ታላቅን ማሸነፍ አንድ ነገር ነው፤ ዋንጫውን ማንሣት ግን ሌላ ነው። በታላላቆቹ የነጠላ ውድድሮች አራት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሳ አንዱንም አላገኘችም። በጥንድ ጨዋታ ግን 14 ታላላቅ ዋንጫዎችን ሰብስባለች። ከእነዚህ ሦስቱን ያገኘችው ከወንድሟ ከሲሪል ሱክ ጋር ተሰልፋ ነው፤ በ1991 በፈረንሳይ፣ በ1996ና በ1997 በዊምብልደን። እናታቸው በፍጻሜ ተሸንፈው በተመለሱበት በዊምብልደን ሁለቱ ልጆች በአንድነት አሸነፉ። ሄለና ጨዋታውን ካቆመች በኋላም በሥነ ልቡና ትምህርት እስከ ዶክትሬት ደርሳለች።

ማርቲናም በዚያ ቀን አላበቃላትም። በሚቀጥለው ዓመት ወደ አውስትራሊያ ተመልሳ ዋንጫውን ወሰደች። በ1990 በ33 ዓመቷ ዊምብልደንን ለዘጠነኛ ጊዜ አሸነፈች። በ2006 ደግሞ 50 ዓመት ሊሞላት አንድ ወር ሲቀራት የአሜሪካን የድብልቅ ጥንድ ዋንጫ አንሥታለች። ያመለጣትን ክብር፣ ማለትም አራቱን ውድድሮች በአንድ ዓመት የማሸነፍን ክብር፣ በ1988 ያገኘችው ጀርመናዊቷ ሽቴፊ ግራፍ ነች።

ታሪኩን የሚያስደንቀው መጨረሻው ነው። በ1996 በዊምብልደን የሴቶች ጥንድ ጨዋታ የ31 ዓመቷ ሄለና አጠገቧ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ አሰልፋ ዋንጫውን ወሰደች። የልጅቷ ስም ማርቲና ሂንጊስ ይባላል። ከቼኮዝሎቫኪያ የሆነችው እናቷ ማርቲና ያለቻት በናቭራቲሎቫ ስም ነው። በ1984 ታናሽ ሆና ያሸነፈችው ሄለና በተራዋ ታላቅ ሆና፣ ያሸነፈቻትን ሴት ስም ከያዘች ልጅ ጋር ጎን ለጎን ቆመች።

ውድ አንባብያን፣ በየቤታችን ልጆቻችንን ሙያ የምናስተምር እናቶችና አባቶች ብዙ ነን። እንጀራ መጋገርም ይሁን ጥልፍ፣ ንግድም ይሁን ትምህርት፣ ልጃችን አንድ ቀን ከእኛ ወይም ከእኛ ጓደኛ በልጣ ስትገኝ ቅር የሚለን አንጠፋም። ወይዘሮ ቬራ ያላገኙትን ዋንጫ ሊያወርሷት አይችሉም ነበር። ያወረሷት ሙያውን ነው። እርሳቸው ካለፉ በኋላ አብሯት የቆየውም ይኸው ነው። የተሸነፈችውም ሻምፒዮና ያስተማረችን አለ። በ74 ድል ላይ አንድ ሽንፈት ሲጨመር ድሉ አይሰረዝም፤ በማግሥቱ ራኬቱን የሚያነሣ ሰው እስካለ ድረስ።