ጊዜ የሚሰጥ ድጋፍ፦ የ«ፋያ ዳዪ» ፊልም ተሞክሮ

በሸዋ በር በኩል ወደ ጀጎል የዘለቀ እንግዳ የጫቱን ንግድ በቀላሉ ያስተውላል፤ ከንግዱ ጀርባ ያለውን ሕይወት መረዳት ግን ረጅም ቆይታ ይጠይቃል። ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር ይህንኑ ሕይወት በጥቁርና ነጭ ምስል ያሳየችበት «ፋያ ዳዪ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም 10 ዓመት ያህል ፈጅቷል። ቀረጻውንም ያከናወነችው ራሷ ናት።

ትርፍ የሚሻ ባለሀብት ይህን ያህል አይታገሥም። ክፍተቱን ከሚሞሉት መካከል ለትርፍ ያልተቋቋሙ የኪነ ጥበብ ድርጅቶች ይገኛሉ። ፊልሙ ከዶሃ ፊልም ኢንስቲትዩት ድጋፍ አግኝቷል። በ1981 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሰንዳንስ ኢንስቲትዩት በበኩሉ ለዘጋቢ ፊልሞች ተመላሽ የማይጠየቅበት ገንዘብ ይሰጣል፤ በየዓመቱም ፌስቲቫል ያዘጋጃል። ከገንዘቡ ያልተናነሰ ዋጋ ያለው ይህ መድረክ ነው። የሐረሩን ጅብ መጋቢ የሚያሳየው የጄሲካ አጭር ፊልም «ሃይራት» በ2017፣ «ፋያ ዳዪ» ደግሞ በ2021 በዚያ ታይተዋል። የኋለኛው በዚያው ዓመት በስዊዘርላንዱ ቪዥን ዱ ሬል ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት አሸንፏል።

የድጋፉ በር ግን ለሁሉም እኩል አይከፈትም። አመልካች ዝርዝር በጀት፣ የቀረጻ ናሙናና ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማብራሪያ ማቅረብ አለበት። በፊልሙ ውስጥ በኦሮምኛ የልባቸውን ሲያወጉ የሚሰሙት ወጣቶች፣ የራሳቸውን ታሪክ ራሳቸው ሊቀርጹ ቢሹ፣ መጀመሪያ የሚገጥማቸው ይህ ቅጽ ነው።