ዳንቴል የለበሰው ሳጥን

እነሆ ዐቢይ ጾም ተገባዶ የትንሣኤ በዓል በደጅ ቆሟል። በምዕራብ ጎጃም ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከዚያም ወዲህና ወዲያ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች እናቶች ግድግዳ ይለቀልቃሉ፤ ጠላ ይጠነሰሳል፤ ለጉዝጓዝ የሚሆነው ቄጤማ ይታሰባል፤ የዶሮውና የበጉ ዋጋ በየገበያው ይጠየቃል። ቤት በሚጸዳበት በዚህ ሰሞን ግን አንድ ሌላ ነገርም አብሮ ይፈጸማል። ከጓዳ ጥግ፣ ከአልጋ ሥር፣ ከቆጥ ላይ ተረስተው የኖሩ አሮጌ ዕቃዎች እየተጎተቱ ይወጡና «ይህ ደግሞ ምን ያደርጋል?» ተብሎ ይፈረድባቸዋል። «ልዋጭ» ባዩ ነጋዴ በመንደሩ ሲያልፍ፣ በትልቁም ከተማ ቆራሌው ሲጣራ፣ በአንድ የፕላስቲክ ሳህን ወይም በጥቂት ብር ይሸኛሉ።

በዛሬው የበዓል ገጻችን ልናነሣ የወደድነው ከእነዚህ ተሸኚዎች አንዱን ነው። ይኸውም በአንድ ወቅት በሳሎኑ የክብር ቦታ ተሰጥቶት፣ በእመቤቲቱ እጅ የተሠራ ዳንቴል ለብሶ፣ ልጆች እንዳይነኩት እየተከለከሉለት የኖረው አሮጌው ሬድዮ፣ የሸክላ ማጫወቻና ቴፕ ነው።

እንዲህ ያሉትን የቤት ውስጥ የድምፅ መሣሪያዎች እያሰሱ መሰብሰብን የትርፍ ጊዜ ሥራቸው ያደረጉ ሰዎች በዓለም ዙሪያ ብዙ ናቸው። ከእነርሱም መካከል የጃዝ ሙዚቃ አፍቃሪዎች ጎላ ብለው ይታያሉ። ምክንያቱም ለመረዳት አያዳግትም። ጃዝ በወረቀት ከሰፈረው ኖታ ይልቅ ተጫዋቹ በዚያች ሰዓት ከልቡ በሚያፈልቀው ዜማ የሚኖር ሙዚቃ ነው። ያች ሰዓት የተቀረጸችበት ሸክላ ከጠፋ፣ ሙዚቃው ራሱ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ አፍቃሪው ሸክላውን ይሻል፤ ሸክላውን ሲያገኝ ደግሞ በዘመኑ ይሰማበት የነበረውን መሣሪያ ይሻል። ለአንዳንዱ አንባቢያችን ይህ ነገር የባዕዳን ቅንጦት መስሎ ሊታየው ይችል ይሆናል። እኛ ግን እንዲያ አናየውም።

አገራችን ከድምፅ መቅረጫ ጋር የተዋወቀችው እጅግ ቀደም ብላ ነው። አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን በ1877 እ.ኤ.አ. ፎኖግራፍን ከፈለሰፈ ሃያ ዓመት ያህል እንዳለፈ፣ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ ቃላቸውን በሰም ጥቅልል ላይ አስቀርጸው በ1898 እ.ኤ.አ. ላኩ። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም በተከታዩ ዓመት በገዛ ድምፃቸው መልስ ሰጡ። የንግሥቲቱ ጥቅልል ከተሰማ በኋላ በራሳቸው በላኪዋ ፈቃድ እንዲጠፋ ሲደረግ፣ የምኒልክና የጣይቱ ድምፅ ግን ዘመን ተሻግሮ ለእኛ ደርሷል። አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት የግጥምና የዜማ ሰው ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር በርሊን ላይ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። የኢትዮጵያ የሙዚቃ ሸክላ ታሪክ የሚጀመረው ከእርሳቸው ነው።

ወደ ጎጃም እንመለስ። በ1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በኦሜድላ ገብተው፣ በበላያ በኩል አቋርጠው፣ በቡሬና በደብረ ማርቆስ አድርገው ወደ አዲስ አበባ ማምራታቸው የታወቀ ነው። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ከጦሩ ጋር የድምፅ ማጉያ አብሮ መጓዙ ነው። ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር ይመራው የነበረው የቅስቀሳ ክፍል በራሪ ወረቀት ከመበተኑም ሌላ፣ በፋሺስቱ ጦር ውስጥ የተሰለፉት ወገኖች መሣሪያቸውን ይዘው እንዲከዱ በድምፅ ማጉያ በአማርኛ ይጠራቸው ነበር። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስሟን ያገኘችው ከዚሁ የንጉሠ ነገሥቱ ጉዞ ጋር በተያያዘ መሆኑንም እግረ መንገዳችንን እናስታውሳለን።

ከነፃነት በኋላ ባሉት ዓመታት ሬድዮ በነጋዴው፣ በመምህሩና በመንግሥት ሠራተኛው ቤት ቀስ በቀስ ገባ። መብራት ባልደረሰበት ገጠር በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ትራንዚስተር ትልቅ ባለሟል ሆነ። ድንጋዩ ሲደክም እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ጥቂት ነፍስ እንዲዘራ ይደረግ እንደነበር፣ ጎረቤትም ዜና ለመስማት ደጅ ላይ ይሰበሰብ እንደነበር ዕድሜ የጠገቡ አንባቢዎቻችን አይዘነጉትም። ሲመሽም አጭር ሞገድ በከፍተኛው የአየር ክልል እየነጠረ ከሩቅ አገር ይመጣል። የአሜሪካ ድምፅ ሬድዮ ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዊሊስ ኮኖቨር በተባለ አዘጋጅ አማካይነት የጃዝ ዝግጅት ለዓለም ያሰራጭ ነበር። ሰውየው እንግሊዝኛውን ረጋ አድርጎ ይናገር ስለነበር፣ ቋንቋውን በትምህርት ቤት ብቻ የተማረ ሰው እንኳ ይከተለው ነበር። የዝግጅቱ መለያ ዜማ የዱክ ኤሊንግተን ባንድ የሚታወቅበት ነበር። ያው ኤሊንግተን በ1966 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላይ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ተጫወተ፤ ከንጉሠ ነገሥቱም ሜዳይ ተቀበለ። አስተናጋጁና የሙዚቃ ባልደረባው ሆኖ የቆየው ሙላቱ አስታጥቄ ነበር።

ስለ ሙላቱ ጥቂት ማለት ተገቢ ነው። በጅማ የተወለደው ይህ የሙዚቃ ሰው በእንግሊዝ አገር ጀምሮ በአሜሪካ ቦስተን በሚገኘው የበርክሊ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ከጃዝ ስልት ጋር አስማማ። ኢትዮ ጃዝ የሚባለው ይህ ነው። የቅዱስ ያሬድን ዜማ፣ የካህናቱን መቋሚያና ጸናጽል እየጠቀሰ መናገርም ይወዳል፤ በያሬድ ዜማ ላይ የተመሠረተ ኦፔራ ለመድረስም ደክሟል።

የአገራችን ሸክላ በብዛት የወጣበት ዘመን አጭር ነው። ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት ብቸኛ መብት ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአገር ፍቅር ተሰጥቶ ነበር። አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት በ1961 ዓ.ም. ይህን አጥር ጥሶ የራሱን ማሳተሚያ አቋቋመ። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር፤ የታተመውም ሕንድ አገር ነው፤ ኋላ ሊባኖስም ታትሟል። ፊሊፕስና ካይፋም ተከተሉ። አምኃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላ ካወጣ በኋላ በ1975 እ.ኤ.አ. አገር ጥሎ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ካሴት የሸክላውን ቦታ ወሰደ። አምኃም ዓለማየሁም በ2021 እ.ኤ.አ. አርፈዋል። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያንን ሙዚቃ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ አልበም ዳግም ሲያሳትም፣ የውጭ ሰዎች ቀድሞ በእኛ ጓዳ ይረገጥ የነበረውን ሸክላ በውድ ዋጋ ይፈልጉት ጀመር። ነገሩ ያስደስታል፤ ያሳፍራልም።

ለጎጃም ሰው ከእነዚህ ሸክላዎች አንዱን አስቀድሞ ማሰማት ቢኖርብን የጌታቸው መኩሪያን እንመርጣለን። በ1972 እ.ኤ.አ. በፊሊፕስ የወጣው የሳክስፎን ሸክላው የተመሠረተው በሽለላ ነው። በሠርግና በድግስ ቀረርቶና ሽለላ እየሰማ ያደገ የቡሬ ወይም የጅጋ ገበሬ፣ ጃዝ ማለት ምን እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው የዚህን ሰው ትንፋሽ ያውቀዋል፤ ጎራዴ የጨበጠው እጅ ሳይሆን ናስ የነፋው አፍ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ጌታቸው በ2016 እ.ኤ.አ. ቢያርፍም፣ መርፌው በሸክላው ላይ ባረፈ ቁጥር ይፎክራል።

ነገር ግን ሸክላው ብቻውን አይናገርም፤ ለዚህ ነው መሣሪያውም መጠበቅ ያለበት። ሰብሳቢዎች በመጀመሪያ የሚማሩት ነገር የዙር ፍጥነትን ነው። የጥንቱ ተሰባሪ ሸክላ በደቂቃ 78፣ ትንሹ ባለ ሁለት ዘፈን 45፣ ትልቁ ደግሞ 33 ከሲሶ ጊዜ ይዞራል። የ78ቱ መርፌ ጫፍ ከኋለኞቹ ሦስት እጥፍ ያህል የሚወፍር ስለሆነ፣ አንዱን በሌላው መርፌ ማጫወት ሸክላውንም ድምፁንም ይጎዳል።

ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው ግን መብራቱ ነው። ከአሜሪካ የመጣ መሣሪያ ለ110 ቮልት የተሠራ በመሆኑ፣ በእኛ 220 ላይ ቢሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ትራንስፎርመር ገዝቶ ያስገባና «ዳነልኝ» ይላል። ሸክላውን ሲያስጀምረው ግን ዘፋኙ እንደ ታመመ ሰው ይጎተታል፤ የሴቲቱ ድምፅ የወንድ ይሆናል። ምሥጢሩ የአሜሪካ መብራት በሴኮንድ 60 ጊዜ፣ የእኛ ግን 50 ጊዜ መመላለሱ ነው። የብዙ አሮጌ ማጫወቻዎች ሞተር የሚዞረው በዚህ ምልልስ ልክ ነው፤ ትራንስፎርመር ደግሞ ቮልቱን እንጂ ምልልሱን አይለውጥም። በ45 መዞር የነበረበት ሸክላ በ37 ተኩል ይዞራል። መድኃኒቱ በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለችውን ትንሽ መዘውር ለ50 በተሠራች መለወጥ ነው። ይህን ሳያውቁ «ተበላሽቷል» ተብለው የተጣሉ ማጫወቻዎች ያሳዝኑናል።

ትራንዚስተር ከመስፋፋቱ በፊት የተሠሩት ትልልቅ ሬድዮኖች በመስታወት ቱቦ የሚሠሩ ናቸው። ሲከፈቱ ወዲያው አይናገሩም፤ ቱቦዎቹ እስኪግሉ፣ ብርቱካን መሳይ ፍም እስኪታይባቸው ይጠብቃሉ። ድምፃቸው ለስላሳና ሞቃት ነው ብለው የሚምሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኛም አንክድም። ይሁንና በሆዳቸው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚጠራቀም፣ ከሶኬት ከተነቀሉ በኋላ እንኳ ሰው ሊመታ ይችላል። ልጆች በበዓል ሰሞን ጀርባቸውን ከፍተው እንዳይጎረጉሩ አደራ እንላለን። ዓመታት ተኝቶ የከረመ ሬድዮ ደግሞ እንዲሁ በድንገት አይሰካም፤ በውስጡ ያሉት ኮንደንሰሮች ደርቀው ሊሆን ስለሚችል በቅድሚያ የሬድዮ ጠጋኝ ሊያያቸው ይገባል። የላስቲኩ ቺንጋ ይደርቃል፤ የስፒከሩን ወረቀት አይጥና ብል ይበላዋል። እነዚህ ሁሉ የሚጠገኑ ናቸው። የማይተካው ሣጥኑና በውስጡ የኖረው ሸክላ ነው።

የገጠር ቤታችን ለእነዚህ ዕቃዎች አመቺ አይደለም ብለን እውነቱን እንናገር። የምድጃ ጢስ በመርፌውና በሸክላው ጎድጎዳ ውስጥ ጥቀርሻ ይሞላል። ከእሳት አጠገብ ወይም በፀሐይ የተተወ ሸክላ እንደ ምጣድ ላይ እንጀራ ጠርዙ ይነሣል። ተደራርቦ የተኛው ይጎብጣል፤ ስለዚህ እንደ መጽሐፍ ቀጥ አድርጎ ማቆም ይሻላል። የሚጸዳውም በንጹሕና ለስላሳ ጨርቅ ነው፤ ዘይት ፈጽሞ አይነካውም፤ የጥንቱ የ78 ሸክላ ደግሞ በአልኮል ከተጠረገ ይሟሟል።

በምእመናን ቤት እነዚህ መሣሪያዎች የራሳቸው የዓመት ሥርዓት አላቸው። ሁዳዴ ሲያዝ የዘፈኑ ሸክላ ይታሸጋል፤ ማጫወቻው ዳንቴሉን እንደ ለበሰ ሃምሳ አምስት ቀን ይከርማል። በዚያ ጊዜ የሚሰማው በገና ነው። እነ ዓለሙ አጋ የደረደሩት በገና በሬድዮ ሲመጣ አባቶች አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ። በገና ድምፁ ዝቅ ያለና የሚርገበገብ በመሆኑ፣ ትንሿ የኪስ ሬድዮ ወይም የእጅ ስልክ ከጅማቶቹ ወፍራሞቹን አታሰማም፤ ሰፊ የእንጨት ሣጥንና ትልቅ ስፒከር ያለው አሮጌው ሬድዮ ግን ያንን ጉርምርምታ ቤት ያደርሰዋል። በሰሙነ ሕማማት እርሱም ዝም ይላል። በፋሲካ ማግስት፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ጠላው ሲቀዳ፣ ሸክላው እንደገና ይዞራል።

ከሸክላ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ክር ነው። በብዙ ቤት ሣጥን ውስጥ፣ ጽሑፍ ያልሰፈረባቸው የቴፕ ጥቅሎችና ካሴቶች አሉ። ከሩቅ አገር የተላከ የልጅ ሰላምታ፣ የሠርግ ዕለት ዘፈን፣ የሽማግሌ ምርቃት፣ የሟች አያት ፉከራ በእነርሱ ላይ ሊኖር ይችላል። የሸክላው ዘፈን ሌላ ቅጂ ከሌላ ሰው ቤት ሊገኝ ይችል ይሆናል፤ የአያት ድምፅ ግን ሁለተኛ የለውም። ክሩ በላዩ የተቀባው የብረት ዱቄት እየረገፈ ሲሄድ ድምፁም ይረግፋል፤ ማግኔት ባለው ስፒከር ላይ የተቀመጠ እንደሆነም ሊደበዝዝ ይችላል።

ስለዚህ በዚህ በዓል ሰሞን ቤት ስታጸዱ የሚወጣው ሣጥን ከልዋጩ ነጋዴ ፊት ከመድረሱ በፊት ይከፈት። ባለቤቱ ማን እንደነበር፣ ድምፁ የማን እንደሆነ የሚያውቁት አረጋውያን በበዓሉ ቀን ከማዕዱ ዙሪያ ይገኛሉና፣ እነርሱን ጠይቆ በእያንዳንዱ ካሴት ጀርባ ላይ ስምና ዓመተ ምሕረት መጻፍ ይቻላል። ለመቅዳት ሲታሰብም ክሩን በቅድሚያ በእጅ ቀስ አድርጎ አንድ ጊዜ ማዞር፣ የቴፑን ራስ በንጹሕ ጥጥ መጥረግ፣ ከዚያም የመጀመሪያው ጨዋታ ራሱ ቅጂ እንዲሆን የእጅ ስልኩን መቅረጫ አስቀድሞ መክፈት ያስፈልጋል፤ ያረጀ ክር አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ዙር በላይ አይፈቅድምና።