የተብላላ የፍራፍሬ ተረፈ ምርት፦ ለሥጋ ከብቶች አማራጭ መኖ

ብርቱካን ለጭማቂ ሲውል የክብደቱ ግማሽ ያህል ልጣጭ፣ ገለፈትና ፍሬ ሆኖ ይቀራል፤ አናናስም በፋብሪካ ሲዘጋጅ ልጣጩና ጠንካራው የመሐል ክፍሉ ይወገዳል። ይህ ተረፈ ምርት አብዛኛው ክፍሉ ውኃ ከመሆኑም በላይ ስኳር ስለሚበዛበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሻግታል፣ ፍሳሹም ወንዝ ይበክላል፤ በፋብሪካ ማድረቅ ደግሞ ብዙ ነዳጅ ይጠይቃል። ተረፈ ምርቱን ያለ ነዳጅ ወጪ ለወራት ጠብቆ ለደላቢ ከብቶች ለማቅረብ የሚያስችለው ዘዴ ማብላላት ሲሆን፣ በዚህ መንገድ የሚገኘው እርጥብና ኮምጣጣ መኖ ገፈራ ወይም ሳይሌጅ ይባላል።

የዘዴው መሠረት አየርን ማስወገድ ነው። የእንሰት ቆጮ በጉድጓድ ተጠቅጥቆ እንደሚብላላ ሁሉ፣ የተከተፈው ልጣጭ በጉድጓድ ወይም በበርሜል ተጠቅጥቆ በፕላስቲክ ሲታሸግ፣ ያለ አየር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ወደ 4 ገደማ ሲወርድም አብዛኞቹ አበላሺ ባክቴሪያዎች መራባት ያቅታቸዋል። የልጣጩ እርጥበት ከመጠን ካለፈ ግን ንጥረ ነገሩ ከፍሳሹ ጋር ይባክናል፤ እርሾም ስኳሩን ወደ አልኮልና ጋዝ እየለወጠ የመኖውን ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ ከመታሸጉ በፊት ፍሳሹን የሚመጥ ጭድ ወይም ፉርሽካ ይቀላቀልበታል፤ ከሦስት ሳምንት ያላነሰ ጊዜ ከቆየ በኋላም ይከፈታል።

የብርቱካን ልጣጭ ፔክቲን የተባለ በቀላሉ የሚፈጭ አሰር ስላለው፣ ከእህል ስታርች ይልቅ ለጨጓራ አሲድ መብዛት የማጋለጥ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ይሁን እንጂ የፍራፍሬ ገፈራ ፕሮቲኑ ጥቂት በመሆኑ፣ የሥጋ ከብት ጡንቻ እንዲያወጣ ፋጉሎ ሊጨመርለት ይገባል። ከብቱ መኖውን በጥቂት በጥቂቱ መልመድ አለበት፤ የሻገተው ክፍል ደግሞ ተለይቶ መጣል ይኖርበታል።

በኢንዶኔዥያ ላምፑንግ አውራጃ የአናናስ ፋብሪካ ልጣጭ በአቅራቢያው ለሚደልቡ ከብቶች መኖ ይሆናል። በኢትዮጵያም የጠላ አተላና የቢራ ፋብሪካ የብቅል ተረፈ ምርት ለከብት መኖነት የቆዩ ስለሆኑ፣ የተብላላ መኖ ለአድላቢው እንግዳ አይደለም። እርጥብ ልጣጭ በአብዛኛው ውኃ ስለሆነ ርቆ ሲጓጓዝ ወጪው ጥቅሙን ይበላዋል፤ በመሆኑም ዘዴው የሚያዋጣው ማድለቢያው ከጭማቂ ፋብሪካው ወይም ከፍራፍሬ ገበያው አጠገብ ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ ሰው ለማይመገበው ተረፈ ምርት ጥቅም ይገኝለታል፣ ለከብት ይውል የነበረው እህልም ለሰው ይተርፋል።