ከሩቅ ያለውን ተማሪ ስለ ማየት

ፊት ለፊት የሚያስተምር መምህር ከሰሌዳው ዞር ባለ ጊዜ ማን እንደ ተረዳ፥ ማን እንደ ተደናገረ፥ ማንስ ከጓደኞቹ ተለይቶ ብቻውን እንደ ተቀመጠ ዓይኑ ይነግረዋል። ትምህርቱ በኢንተርኔት የሆነ እንደ ሆነ ግን ይህ ዓይን ይጋረዳል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው የዩኒቨርሲቲ ተማሮች ወደየቤታቸው በተበተኑ ጊዜ ችግሩ በመላው ኢትዮጵያ ጐልቶ ታየ። ወልቂጤ በጅማ መንገድ፥ ቡታጅራ በሆሳዕና መንገድ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸውም የጉራጌ ተራራ ቆሟል። ከወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በኢንተርኔት የሚያስተምር መምህር፥ ቡታጅራ ከእናቱ ቤት በስልክ የሚከታተለውን ልጅ የሚያውቀው በጻፈው ቃል ብቻ ነው፤ ምንም ካልጻፈም እንደሌለ ይቈጠራል።

የዚህ መድኀኒት ከኮምፒውተር በፊት የተገኘ ነው። ሐኪሙ ያዕቆብ ሞሬኖ በኒውዮርክ ግዛት፥ በሐድሰን በነበረው የልጃገረዶች ማሠልጠኛ፥ ማን ከማን ጋራ ለመኖር እንደምትወድ ጠይቆ እያንዳንዷን ልጅ በነጥብ፥ ምርጫዋንም በመስመር ሣለ፤ ሥራውንም በ1926 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር 1934) በመጽሐፍ አወጣ። ማንም ያልመረጣት ልጅ ብቻዋን የቆመች ነጥብ ሆና ታየች። ዛሬ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩበት ሙድል ማን ለማን እንደ መለሰ ራሱ ይመዘግባል፤ የአውስትራልያው ምሁር ሼን ዶውሰንና ባልደረቦቹ የሠሩት ስናፕ የተባለው መሣሪያም ያንኑ መዝገብ ወደ ነጥብና መስመር ይለውጥ ነበር።

በሥዕሉ ላይ አስቀድሞ የሚታየው ብዙ ጊዜ የመምህሩ የራሱ ጥፋት ነው። መስመሩ ሁሉ ከእርሱ ወጥቶ ወደ እርሱ የሚመለስ፥ የመንኰራኵር ቅርጽ የያዘ እንደ ሆነ፥ መምህሩ ትጉህ ነው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ለጥያቄው ሁሉ ፈጥኖ ስለ መለሰ ተማሮቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትን አሳጥቷቸዋል። አንድ ቀን ታግሦ የአንዱን ጥያቄ ለሌላው ቢያሳልፍ ሥዕሉ ይለወጣል። የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሎች በየጆካ ሸንጎ በተራ እየተናገሩ ነገር የሚጨርሱ ናቸውና፥ ይህ ለአገሩ ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም።

መስመር የሌለው ነጥብ ግን በጥንቃቄ ይታይ። ሥዕሉ የተጻፈውን እንጂ የተነበበውን አያሳይም። መብራት የጠፋበት፥ የኢንተርኔት መግዣ ያጣ፥ በእንግሊዝኛ ለመጻፍ ያፈረ፥ በእውነትም የሰነፈ፥ ሁሉም በሥዕሉ ላይ አንድ ዓይነት ናቸው። ምክንያቱን ለማወቅ መምህሩ ስልክ ደውሎ መጠየቅ አለበት።

ከሁሉ የከፋው የመስመሩን ቍጥር ማርክ ማድረግ ነው። እንዲህ ከሆነ ተማሮች «እስማማለሁ» እያሉ መስመር ያበዛሉ፤ ሥዕሉም ሐሰተኛ ይሆናል። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 ስላለ፥ ለእርዳታ የተሰበሰበውን ለሌላ ጉዳይ ማዋል እንደ ቀላል ነገር አይታይም።

ሥዕሉም በሁለተኛው ሳምንት ይሣል። በፈተና ሰሞን ቢሣል፥ የቡታጅራው ልጅ ትምህርቱን ትቶ ከሄደ በኋላ ነው።